ከድምሩ በላይ ያለው ቀጭን ረድፍ
የኤክሴል ሰንጠረዥ መስመር የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ታች፣ ድምሩ አጠገብ ነው። ሐዋሳ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ላይ የዕለቱን የቆሮሶና የአምባዛ ሽያጭ የሚይዝ ሰንጠረዥ ይታሰብ፤ ከመጨረሻው ዓሣ ሥር ወፍራም መስመር፣ ከዚያ ድምር። ዘግይቶ ለደረሰ ጀልባ ከድምሩ በላይ ረድፍ ሲጨመር፣ ኤክሴል መልኩን የሚያወርሰው ከላይ ካለው ረድፍ ስለሆነ ወፍራሙ መስመር ሁለት ይሆናል። አንዱ ሒሳቡን መሃል ላይ ይቆርጠዋል። ትርፉን መስመር በኤክሴል የመስመር መጥረጊያ (Erase Border) ወይም መልክ በሚቀዳው ብሩሽ (Format Painter) ማረም ይቻላል፤ ነገ ግን ያው ነው። ኮንትሮልና ቲ ተጭኖ ዝርዝሩን ወደ ኤክሴል የራሱ ሰንጠረዥ (Table) መቀየር መስመሩን ከአዲሱ ረድፍ ጋር ይዞ ይሄዳል፤ የሚመጣው ቀለም ግን ለእንዲህ ያለ የሽያጭ መዝገብ ይበዛል። የሚሻለው የቆየው ዘዴ ነው፦ ከድምሩ በላይ ቁመቱ ጠባብ የሆነ ባዶ ረድፍ ይተዋል፣ ወፍራሙ መስመር ከእሱ ሥር ይሰመራል፣ የድምሩም ቀመር እሱን ጨምሮ ይጻፋል። አዲስ ዓሣ ሁልጊዜ ከዚህ ባዶ ረድፍ በላይ ይገባል፤ መስመሩም ድምሩም ሳይነካ አብሮ ወደ ታች ይወርዳል።