የቅድመ አያትን መዝገብ ማን ይፈልግ?

የጣሊያን ሕግ ዜግነት በደም ይወረሳል ይላል፤ ደሙን የሚያየው ግን በወረቀት ነው። ከጣሊያናዊ እወለዳለሁ የሚል ሰው፣ አገሩን ለቆ ከወጣው አያት ወይም ቅድመ አያት ጀምሮ እስከ ራሱ ድረስ የእያንዳንዱን ትውልድ የልደት፣ የጋብቻ፣ እንደ ሁኔታውም የሞት ማስረጃ አሟልቶ እንዲያቀርብ ይጠየቃል። ይህን ወረቀት ማን ይፈልገው? ባለጉዳዩ ራሱ ወይስ ተከፍሎት የሚሮጥ ጉዳይ አስፈጻሚ? በብራዚል፣ በአርጀንቲናና በአሜሪካ የሚኖሩ የጣሊያን ተወላጆች በዚህ ነገር ለሁለት ከተከፈሉ ቆይተዋል። ጣሊያናዊ አያት ያላቸው የአዲስ አበባና የአስመራ ቤተሰቦችም፣ ቁጥራቸው ያን ያህል ባይሆንም፣ ጥያቄው ይመለከታቸዋል፤ እንዲያውም እነሱ ዘንድ ሲደርስ መልኩን ይቀይራል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ፍርድ ከመስጠት በፊት መዝገቡ የት እንዳለና ምን እንደሚመስል ማወቅ ይረዳል። ጣሊያን አንድ መንግሥት የሆነችው በ1861 ሲሆን፣ ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን በመላ አገሪቱ በመንግሥት መዝገብ ማስፈር የተጀመረው በ1866 ነው። በደቡቡ የኔፕልስ ግዛት ግን ሥራው በናፖሊዮን ዘመን፣ በ1809 ተጀምሯል፤ በሲሲሊ በ1820። ዘግይቶ የተቀላቀለው ቬኔቶ ያለማቋረጥ መመዝገብ የያዘው ከ1871 ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ለተወለደ ሰው ያለው ማስረጃ ብዙውን ጊዜ የደብሩ የጥምቀት መዝገብ ብቻ ነው። የመንግሥቱ መዝገብ በሁለት ቅጂ ይጻፍ ስለነበር፣ አንዱ በማዘጋጃ ቤቱ ሲቀር ሌላው ወደ ፍርድ ቤት ይላካል፤ የፍርድ ቤቱ ቅጂ ከዓመታት በኋላ ወደ መንግሥት ቤተ መዛግብት ይገባል። የአንዱ መጥፋት የሁለተኛውን መጥፋት አያመለክትም። ያም ሆኖ በ1908 የመሬት መንቀጥቀጥ እንደተመታችው እንደ መሲና ያለ ከተማ ሲሆን ተስፋውን በልክ መያዝ ይሻላል።

የ1880ዎቹን አንድ የልደት መዝገብ ገልጦ ያየ ሰው፣ ለምን ሁለቱም ወገኖች በአቋማቸው እንደሚጸኑ ይገባዋል። ቅጹ የታተመ ነው፤ ባዶ ቦታው በቀለም ብዕር ተሞልቷል። ዓመቱና ቀኑ በአኃዝ ሳይሆን በፊደል ተዘርዝረው ተጽፈዋል። እገሌ የተባለ፣ ዕድሜው ይህን ያህል፣ ሥራው ገበሬ የሆነ፣ ከንቲባው ፊት ቀርቦ፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ መንገድ ላይ ባለው ቤት፣ ከሚስቱ ከእገሊት ወንድ ልጅ መወለዱን አስታወቀ ይላል። ሁለት ምስክሮች ይከተላሉ። ከታች አስታዋቂው መጻፍ ስለማይችል እንዳልፈረመ የምትገልጽ መስመር አለች። በኅዳጉ ላይ ደግሞ ሌላ እጅ፣ ሌላ ቀለም፣ ሰውየው ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ የት እንዳገባ የሚጠቁም ማስታወሻ ጽፎ ይሆናል። ያቺ የኅዳግ ማስታወሻ አንዳንድ ጊዜ ከዋናው ጽሑፍ ትበልጣለች፤ የሚቀጥለው ወረቀት የት እንዳለ የምትናገረው እሷ ናት።

ራሳችን እንፈልገው የሚሉት ወገኖች መነሻቸው ጠንካራ ነው። የጣሊያን ቤተ መዛግብት «አንቴናቲ» በተባለው የኢንተርኔት ገጻቸው የእነዚህን መዝገቦች ምስል ያለ ክፍያ አውጥተዋል። የትውልድ ቀበሌውንና ዓመቱን በግምትም ቢሆን የሚያውቅ ሰው፣ በየዓመቱ መጨረሻ የሚገኘውን የስም ማውጫ እያየ ቅድመ አያቱን ቤቱ ተቀምጦ ሊያገኝ ይችላል። ከዚያ ለማዘጋጃ ቤቱ አጭር ደብዳቤ በጣሊያንኛ መጻፍ ነው፤ ስም፣ የልደት ቀን፣ የአባትና የእናት ስም፣ የመታወቂያ ቅጂ። ቤተሰቡን የሚያውቀው ደግሞ ቤተሰቡ ነው። አያት በቤት የሚጠሩበት ስም፣ የሁለተኛዋ ሚስት ነገር፣ በሕፃንነቱ ሞቶ ስሙ ለታናሹ የተሰጠው ወንድም፣ እነዚህን ተቀጣሪ ሰው ከየት ያመጣቸዋል?

ሆኖም ይኸው መንገድ የራሱ ችግር አለበት፤ ደጋፊዎቹም አይክዱትም። የገጹ ክምችት በሁሉም አውራጃ የተሟላ አይደለም። የተገኘው ምስል ለማስረጃነት አይበቃም፤ ማኅተም ያለበትን ወረቀት የሚሰጠው ማዘጋጃ ቤቱ ነው። የጣሊያን ማዘጋጃ ቤቶች ከ7,800 በላይ ሲሆኑ፣ በትንንሾቹ የልደቱንም የምርጫውንም የመታወቂያውንም ሥራ የያዘው አንድ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። መልስ ሳይመጣ ወራት ማለፋቸው እንግዳ ነገር አይደለም። መልሱ ሲመጣም የአባትና የእናት ስም የሌለበት አጭር ማስረጃ ሆኖ ይገኛል፤ አመልካቹ ወላጆች የተጠቀሱበትን ወይም ሙሉ ቅጂውን ብሎ ካልጠየቀ ቢሮው አያስታውሰውም። በዚህ ላይ ጁዜፔ ተብሎ የተወለደው ሰው አሜሪካ ሲሞት ጆሴፍ ሆኖ፣ ዕድሜውም ሁለት ዓመት ቀንሶ ይገኛል። የትኛው ልዩነት በማስታወሻ እንደሚታለፍና የትኛው በፍርድ ቤት መታረም እንዳለበት መለየት ልምድ ይጠይቃል።

ጉዳይ አስፈጻሚን የሚመርጡት የሚከራከሩት ከዚህ ተነሥተው ነው፤ ሰነፎች ናቸው ብሎ ማለፍ ፍትሐዊ አይመስለኝም። የሙሉ ቀን ሥራ ያለው፣ ጣሊያንኛ የማይችል ሰው የድሮ የእጅ ጽሑፍ ማንበብ እስኪለምድ ዓመት ሊያልፍበት ይችላል። እዚያው አገር ያለ ሰው በአካል ሄዶ መጠየቅ፣ የደብሩን ቄስ ማነጋገር፣ የጥምቀት ማስረጃውን በሀገረ ስብከቱ ማስመስከር ይችላል። ነገሩ ክርክር ያለበት ከሆነ ደግሞ ጠበቃ የግድ ነው። ለምሳሌ በድሮው ሕግ እናት ዜግነቷን ለልጇ አታወርስም ነበር፤ በዚህ ምክንያት ከ1948፣ ሕገ መንግሥቱ ከጸናበት ዓመት በፊት፣ ከጣሊያናዊት እናት የተወለደ ሰው የዘር ሐረግ ሲቀርብ የሚታየው በቆንስላ ሳይሆን በፍርድ ቤት ነው።

የዚህም ጉድለት ግልጽ ነው። በነፃ የሚገኘውን ምስል በብዙ መቶ ዩሮ የሚሸጥ አለ፤ «ያለቀ ነገር ነው» እያለ ተስፋ የሚሸጥም አለ። ከሁሉ የሚከፋው ባለጉዳዩ በስሙ የቀረበውን ወረቀት ሳያነበው መቅረቱ ነው። ጥርጣሬ ሲነሣ ተጠያቂው አመልካቹ እንጂ ወኪሉ ላይሆን ይችላል። በአንጻሩ ታማኝ፣ ሥራውን የሚያውቅ፣ «ይህ ጉዳይ አያዋጣህም» ብሎ ደንበኛውን የሚመልስ ባለሙያ መኖሩን መርሳት አይገባም።

በሁለቱ ወገኖች ጭቅጭቅ መሐል ብዙውን ጊዜ ድምፁ የማይሰማው ሦስተኛው ወገን ማዘጋጃ ቤቱ ነው። በቬኔቶ ተራሮች ያለችው የቫል ዲ ዞልዶ ከንቲባ፣ ከብራዚል የሚጎርፈው ማመልከቻ ቢሯቸውን ስላጨናነቀው የብራዚልን ባንዲራ በማዘጋጃ ቤቱ ላይ ሰቅለው ተቃውሟቸውን ገልጸው ነበር። የጣሊያን ፓርላማ ለ2025 ባወጣው የበጀት ሕግ ማዘጋጃ ቤቶች ከመቶ ዓመት በላይ ለቆየ የሌላ ሰው መዝገብ ለእያንዳንዱ እስከ 300 ዩሮ፣ ለዜግነት ማመልከቻ ደግሞ ከአንድ አዋቂ እስከ 600 ዩሮ እንዲያስከፍሉ ፈቀደ። ክፍያውን የሚደግፉ፣ የመንደሩ ነዋሪ የልጁን ማስረጃ ለማውጣት ወረፋ እየጠበቀ ሠራተኛው የውጭ አገር ሰው የዘር ሐረግ ሲፈልግ መዋሉ ፍትሕ አይደለም ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ፣ አያቶቻችን በድህነት ተገፍተው ከወጡበት መንደር ስማቸውን ለማግኘት ይህን ያህል መክፈላችን ምን ይባላል ሲሉ ይጠይቃሉ። ለእኔ ክፍያው በመርህ ደረጃ የሚያስወቅስ አይመስለኝም፤ መጠኑ ግን አምስትና ስድስት ወረቀት ለሚያስፈልገው ቤተሰብ ይከብዳል። ያም ሆኖ አንድ በጎ ጎን አለው፤ በግምት መጻፍን ውድ ስለሚያደርግ አስቀድሞ በራስ አጣርቶ ትክክለኛውን አንድ ወረቀት መጠየቅን ያበረታታል።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ሁሉ የለወጠው በመጋቢት 2025 የወጣውና በግንቦት የጸደቀው ሕግ ነው። ከጣሊያን ውጭ ተወልዶ ሌላ ዜግነት ያለው ሰው፣ እስከ መጋቢት 27 ቀን ያላመለከተ ወይም ቀጠሮ ያልነበረው ከሆነ፣ ወላጁ ወይም አያቱ የጣሊያንን ዜግነት ብቻ የያዙ መሆናቸውን፣ ወይም ወላጁ ከእሱ መወለድ በፊት ዜጋ ሆኖ ሁለት ዓመት በተከታታይ ጣሊያን መኖሩን ማሳየት አለበት። ደጋፊዎቹ አገሪቱን ፈጽሞ ለማያውቅ አራተኛና አምስተኛ ትውልድ ፓስፖርት መስጠት ዜግነትን ያረክሳል ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ በልደት የተገኘን መብት በአንድ ሌሊት መንጠቅ አይገባም ባዮች ናቸው፤ የቱሪን ፍርድ ቤትም በ2025 ጥያቄውን ወደ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት መርቶት ነበር። ለወረቀት ፈላጊው ግን ሕጉ የፍለጋውን አቅጣጫ ቀይሮበታል። የ1870ዎቹን የልደት መዝገብ ከመፈለግ ይልቅ፣ አያት ሌላ ዜግነት ወስደው አለማወቃቸውን የሚመሰክር ወረቀት ከኖሩበት አገር ማምጣት ይበልጥ ወሳኝ ሆኗል።

የእኛ አገር ሰዎች ጉዳይ ለየት የሚለው እዚህ ላይ ነው። ብራዚላዊው ጣሊያናዊ ቅድመ አያቱን አራት ትውልድ ወደ ኋላ ይቆጥራል፤ አዲስ አበባ ወይም አስመራ ያለው ሰው ግን ብዙውን ጊዜ የሚቆጥረው አባቱን ወይም አያቱን ነው። እኒያ አያት ጣሊያናዊ ሆነው ኖረው ጣሊያናዊ ሆነው የሞቱ ከሆኑ፣ አዲሱ ሕግ ሌላውን ሲዘጋ ለዚህ ሰው በመርህ ደረጃ በሩን ክፍት ትቶታል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። በ1937 የወጣው የፋሺስት ድንጋጌ ጣሊያናዊ ከቅኝ ተገዢ ጋር እንደ ባልና ሚስት መኖሩን እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ እስራት የሚያስቀጣ አደረገው። የ1940ው ሕግ ደግሞ ጣሊያናዊው አባት ክልስ ልጁን ልጄ ብሎ እንዳያስመዘግብ ከለከለ። ክልከላው የተሻረው በ1947 ነው። ስለዚህ አያትየው በጣሊያን ማዘጋጃ ቤት ልደታቸው፣ ጋብቻቸው፣ ሞታቸው ሁሉ ተሟልቶ ሊገኝ ይችላል፤ የሚጎድለው እሳቸውን ከልጃቸው ጋር የሚያገናኘው አንድ ወረቀት ነው።

ይህን ወረቀት በተመለከተ ሁለቱም ምክሮች በከፊል ይሠራሉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ልጃቸውን በቆንስላ ያስመዘገቡ አባቶች ነበሩ፤ እንዲህ ያለው ምዝገባ ወደ አባትየው ማዘጋጃ ቤት ተልኮ ሊገለበጥ ስለሚችል፣ ከሁሉ በፊት እዚያ መጻፍ ርካሹ ሙከራ ነው። ለዚህ ጉዳይ አስፈጻሚ የሚያስፈልግ አይመስለኝም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የጥምቀት መዝገብም ጠቃሚ ፍንጭ ይሰጣል፤ የአባት ስም እዚያ መጻፉ ብቻውን ግን በሕግ ልጅነትን ላያረጋግጥ ይችላል። በኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዲሱ ሥርዓት የተጀመረው በ2016 በመሆኑ፣ ለአሮጌ ልደት ዛሬ የሚወጣው የምስክር ወረቀት በኋላ የተነገረን መረጃ መሠረት ያደረገ ነው፤ ጣሊያኖቹም በዚያው ልክ ሊመዝኑት ይችላሉ። በሰነዶች ማረጋገጫ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በኤምባሲው የማስመስከሩን ሥራ ትዕግሥት ያለው ሰው ራሱ ይጨርሰዋል። አባትነት በፍርድ መረጋገጥ ካለበት ግን፣ እዚህ ላይ ብቻ፣ ያለ ጣሊያናዊ ጠበቃ መግባት የሚመከር አይደለም። ለአዋቂ ሰው አባትነት ቢረጋገጥለት እንኳ ዜግነቱን የሚያገኘው በአንድ ዓመት ውስጥ ፈልጎ ሲያስታውቅ ነው፤ ጥቅሙ አድገው ለጨረሱ ልጆቹ ወዲያው ይተላለፋል ማለትም አይደለም። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት እንደማትፈቅድም አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ወደ መካከለኛው መንገድ ያዘነብላሉ ከተባልኩ አልክድም። ፍለጋው የቤተሰቡ ይሁን፤ ገንዘቡ ለተቋጠረው ነገር ይቆይ። ከቅርቡ ትውልድ ጀምሮ ወደ ኋላ መሄድ፣ አዲሱ ሕግ እንደሚፈቅድ ሳያጣሩ አንድም ወረቀት አለማዘዝ፣ ወኪል የያዘም ሰው እያንዳንዱን ወረቀት ተርጉሞ እንዲያነብለት መጠየቅ ይገባዋል። በዚህ የማይስማማ አስተዋይ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ጊዜው ከገንዘቡ ለሚወደድበት ሰው ሙሉውን ለባለሙያ መስጠት ስሕተት ነው ለማለት አልደፍርም።

አንድ ነገር ግን ለሁለቱም ወገን እኩል ይሠራል። በጣሊያን የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አባትነት በፍርድ እንዲታወቅለት የመጠየቅ መብት ለልጁ ለራሱ በሕይወት እስካለ ድረስ በይርጋ አይታገድም፤ ልጁ ክሱን ሳይጀምር ከሞተ ግን ተወላጆቹ መጠየቅ የሚችሉት ከሞቱ በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት ውስጥ ብቻ ነው። ጣሊያን ኢትዮጵያን ይዛ በቆየችባቸው ዓመታት፣ ከ1936 እስከ 1941፣ የተወለዱት ዛሬ ከ80 ዓመት በላይ ናቸው። እንዲህ ያለ እናት ወይም አባት በቤታችሁ ካሉ፣ መዝገቡን ማን ይፈልግ የሚለውን ክርክር ለጊዜው ትታችሁ እሳቸውን ጠይቁ፤ የአባታቸውን ሙሉ ስም፣ የመጡበትን መንደርና የሚያስታውሱትን ሁሉ በጽሑፍ አስቀምጡ።