ገንፎው አራት ወር ዘገየ

በአገራችን ወልዳ ለተኛች ሴት የሚደረገው እንክብካቤ ልብ የሚያሞቅ ነው። ገንፎው በቅቤና በበርበሬ ይቀርብላታል፤ አጥሚቱ ይፈላል፤ አቅም ያለው በግ ያርዳል። አራስ ጠያቂ ባዶ እጁን አይመጣም። እናቷ በሕይወት ካለች አገር አቋርጣም ቢሆን መጥታ ታርሳታለች። ከአራስነት ወጥታ ጉልበቷ እስኪመለስ ጀሪካን እንድታነሳ፣ እንጨት እንድትሸከም የሚፈቅድላት የለም። ይህን ልማድ ማንም እንዲነካብኝ አልሻም፤ ለሚጠባውም ልጅ፣ ለደከመችውም እናት ትልቅ ዋስትና ነው። ነገር ግን ልጁ ሲወለድ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን የሚወስነው ከዚያ በፊት የተበላው ነው፤ እናቲቱም በእርግዝናዋ ወራት ውሃ ስትቀዳ፣ ወፍጮ ቤት ስትመላለስ፣ ማዕድ ላይ ደግሞ የመጨረሻዋ ሆና ስትቀመጥ ነው የከረመችው።

ነፍሰ ጡር የምትመገበው ነገር የልጇን የልደት ክብደት ይለውጣል ወይ ቢባል፣ አዎ፣ ይለውጣል። ለውጡ ግን ለሁሉም ሴት፣ በሁሉም ወር እኩል አይደለም። የሚበረታው ራብ ባለበት ቤትና በእርግዝናው መገባደጃ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን ለእርሷ ብቻ አቅርበን «ምን ትበዪያለሽ?» ማለታችን ያሳዝነኛል። መጠየቅ ያለበት ማዕዱን የሚያከፋፍለው ቤተሰብ ነው።

ነፍሰ ጡርን አስርቦ ውጤቱን ልይ የሚል ተመራማሪ የለም። ጦርነት ግን አድርጎታል። በሴፕቴምበር 1944 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የኔዘርላንድ የባቡር ሠራተኞች ሥራ ሲያቆሙ፣ አገሪቱን የያዘው የናዚ ኃይል በአጸፋው ወደ ምዕራቡ ክፍል ምግብ እንዳይገባ አገደ። እገዳው ሲላላ ደግሞ ብርዱ በርትቶ ጀልባ የሚመላለስባቸው ቦዮች በረዶ ሆኑ። በአምስተርዳምና በሌሎች ከተሞች ለአንድ ሰው በቀን የሚታደለው ራሽን ከ1,000 ካሎሪ በታች ወረደ፤ በከፋው ጊዜም ወደዚያ ግማሽ ተጠጋ። ሰዎች የቱሊፕ አበባን ሥር ቀቅለው በሉ። በሜይ 1945 አገሪቱ ነፃ ስትወጣ ምግቡ በፍጥነት ተመለሰ። ረሃቡ መቼ ጀምሮ መቼ እንዳበቃ በግልጽ ይታወቃል፤ አዋላጆችም በዚያ ሁሉ መካከል ሕፃናቱን መመዘንና መመዝገብ አላቋረጡም። ተመራማሪዎቹ ዚና ስታይንና መርቪን ሰሰር ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1975 ያሳተሙት ትልቅ ጥናት የተገነባው በዚህ መዝገብ ላይ ነው።

ረሃቡ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት የያዛቸው እናቶች የወለዷቸው ልጆች በአማካይ 300 ግራም ያህል ቀለሉ። ረሃቡ በእርግዝናው መጀመሪያ ይዟቸው በኋላ በቂ ምግብ ያገኙት እናቶች ግን የወለዷቸው ሕፃናት በሚዛን ላይ ከሌሎቹ አላነሱም። ይህ ለምን እንደሆነ መረዳት አያስቸግርም። ፅንስ በ28ኛው ሳምንት ገደማ 1 ኪሎ ያህል ነው፤ በ40ኛው ሳምንት ከ3 ኪሎ ያልፋል። ሁለት ሦስተኛው ክብደቱ የሚመጣው በማብቂያው ላይ ነው ማለት ነው።

«ፅንስ ከእናቱ አጥንትም ቢሆን ቆርጦ ይወስዳል እንጂ አይጎዳም» የሚለውን አባባል ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። እውነቱ ከዚህ ይለያል። ፅንሱ የሚያገኘው የእንግዴ ልጁ የሚያሳልፍለትን ብቻ ነው። እናቲቱ ስትራብ በእርግዝና ጊዜ መጨመር የነበረበት ደሟ በሚገባ አይጨምርም፤ ወደ እንግዴ ልጁ የሚፈሰውም ያንሳል። ያኔ እርሷም ትከሳለች፣ እርሱም ይቀጭጫል።

ስለ መጀመሪያዎቹ ወራት ግን አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። እነዚያ በጽንስነታቸው መጀመሪያ ረሃብ ያገኛቸው፣ ሚዛን ላይ ምንም ያልተገኘባቸው የኔዘርላንድ ልጆች፣ ካደጉ በኋላ የልብ ሕመምና ከልክ ያለፈ ውፍረት ከሌሎቹ ይልቅ በርክቶባቸዋል። ሚዛኑ መልካም ቁጥር አሳየ ማለት ማህፀኑ ውስጥ ምንም አልጎደለም ማለት አይደለም። የልደት ክብደት ጠቃሚ ምልክት ነው፤ ሙሉ ታሪኩ ግን አይደለም።

ረሃብ ክብደትን ከቀነሰ፣ ምግብስ መልሶ ይጨምረዋል? ለዚህ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምጠቅሰው የጋምቢያውን ሙከራ ነው። ጋምቢያ ገጠር እንደኛው የራብ ወቅት አለው፤ ዝናቡ ሲጥል ጎተራው ይራቆታል፣ የእርሻው ሥራ ደግሞ ይከብዳል። የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ካውንስል ለረጅም ዘመን በሠራበት በኬኔባ አካባቢ፣ በ28 መንደሮች አምስት ዓመት የፈጀ ሙከራ ተካሄደ፤ ውጤቱም በ1997 ታተመ። የተሰጠው መድኃኒት አልነበረም። የተቆላ ለውዝ፣ የሩዝ ዱቄት፣ ስኳርና የለውዝ ዘይት ተለውሶ የተጋገረ ብስኩት ነበር። ነፍሰ ጡሮቹ በየቀኑ ሁለት ሁለት ይሰጣቸዋል፤ የመንደሩ አዋላጅ ፊት ተቀምጠውም ይበሉታል። ፊቷ እንዲበሉ መደረጉ ትልቅ ቁም ነገር አለው፤ እናት ወደ ቤቷ ይዛው ብትገባ ለልጆቿ እንደምታካፍለው የማያውቅ የለም። ሁለቱ ብስኩት 1,000 ካሎሪ ያህል ይሰጣል፤ የሚጀመረውም ከወሊድ 20 ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ ነው።

ሕፃናቱ በአማካይ 136 ግራም ጨመሩ። በመኸሩ ወቅት ለተወለዱት ጭማሪው 94 ግራም ሲሆን፣ በራቡ ወቅት ለተወለዱት 201 ግራም ደረሰ። ከ2.5 ኪሎ በታች የመወለድ ዕድል በ40 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ሞተው የተወለዱት በግማሽ ያህል አነሱ። ለውዝና የሩዝ ዱቄት ነው ይህን ያደረገው!

ለንጽጽር የተመረጡት መንደሮች ነፍሰ ጡሮችስ? እነርሱም ብስኩቱን አግኝተዋል፤ ግን ከወለዱ በኋላ። ይህን ሳነብ የኛን የአራስ ገንፎ ነው ያሰብኩት። ሙከራው ያነጻጸረው ከወሊድ በፊት መመገብንና ከወሊድ በኋላ መመገብን ነው፤ የኛ ባህል በልማዱ የተሰለፈው ከሁለተኛው ወገን ነው። ደግነቱ አላነሰንም፣ ምግቡም ተገኝቷል። የምናቀርበው ግን አራት ወር ዘግይተን ነው።

ምግብ ሁሉን ይፈታል እያልኩ እንዳልሆነ ግልጽ ይሁን። ከብዙ አገር የተሰበሰቡ ሙከራዎች አንድ ላይ ሲደመሩ የክብደቱ ጭማሪ ወደ 40 ግራም ዝቅ ይላል። አንዳንዶች ይህን አይተው «ታዲያ ምን አመጣ?» ይላሉ። አማካዩ ግን ጠግባ የምታድረዋንና የተራበችዋን አንድ ላይ ይቆጥራል። ለጠገበችው መጨመር ብዙም ውጤት የለውም፤ የምግቡም ዓይነት ካልተመጣጠነ ሊጎዳ ይችላል። በ1970ዎቹ በኒው ዮርክ ሃርለም ለድሃ ነፍሰ ጡሮች ፕሮቲን የበዛበት መጠጥ ተሰጥቶ ነበር። ክብደት አልጨመረም፤ ያለጊዜያቸው የሚወለዱና የሚሞቱ ሕፃናት ግን መጠጡ በተሰጠው ቡድን በዙ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2016 ባወጣው መመሪያ፣ ምግብ በሚያንስበት ማኅበረሰብ ለነፍሰ ጡሮች የተመጣጠነ ተጨማሪ ምግብ እንዲሰጥ ሲመክር፣ ፕሮቲን የበዛበትን ግን አልደገፈም። በሌላው ጫፍ ደግሞ የስኳር ጉዳይ አለ። በ2008 የታተመ፣ በዘጠኝ አገሮች ከ23,000 በላይ ሴቶችን ያካተተ ጥናት የእናቲቱ የደም ስኳር ከፍ ባለ ቁጥር የሕፃኑም ክብደት አብሮ እንደሚጨምር አሳይቷል። ከተሜዋ፣ ቀኑን ተቀምጣ የምትውለዋ እህቴ ስጋቷ ከዚህ በኩል ሊሆን ይችላል፤ «ለሁለት ነፍስ ብዪ» የሚለው ምክር ለእርሷ አይበጅም።

ከምግብ ውጭ ያለውም ብዙ ነው። ወባ እንግዴ ልጁን ያጠቃል። ያለ ዕድሜዋ ያገባች ልጅ ሰውነቷ ገና እያደገ ስለሆነ ከፅንሷ ጋር ትሻማለች። ከፍታም ድርሻ አለው፤ በየ1,000 ሜትሩ ክብደቱ 100 ግራም ያህል እንደሚቀንስ በብዙ የዓለም ተራራማ አገሮች ታይቷል። ከማርገዟ በፊት የነበራት ክብደትም ትልቅ ድርሻ አለው። በ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 22 በመቶው ከሚገባው በላይ ከሲታ ነበሩ። እርግዝናውን የሚጀምሩት ስንቅ ሳይዙ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልግባ። በብዙ የገጠር ቀበሌዎች ነፍሰ ጡር ሆን ብላ የምታሳንሰው ምግብ አለ። ብዙ ከበላች ልጁ ይገዝፋል፣ ምጡ ይጠናባታል ተብሎ ይፈራል። ወተት፣ ሙዝ፣ ማር ወይም ተልባ የልጁ ራስ ላይ ይለጠፋል ይባላል። ይህን ፍርሃት በድንቁርና የሚያናንቅ ሰው ምጥ በጠናባት ሴት ደጃፍ ያላለፈ ነው። በ1974 ሐኪሞቹ ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን በአዲስ አበባ የፌስቱላ ሆስፒታሉን ሲከፍቱ፣ በሩ ላይ የተሰለፉት ሴቶች ልጁ አልወጣ ብሎ ቀናት ያማጡ ነበሩ። ሐኪም ቤት ሩቅ በሆነበት አገር ትንሽ ልጅ መመኘት ነፍስን ለማትረፍ የተደረገ ስሌት ነው። ይህን ስሌት የሠሩት የኛ ሴቶች ብቻም አይደሉም፤ ፕሮኮቭኒክ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ዳሌያቸው ለጠበበ ነፍሰ ጡሮች ምግብ እንዲቀንሱ አዝዞ ነበር፤ በአሜሪካም ሐኪሞች የነፍሰ ጡርን ክብደት መገደብ የተዉት ከ1970 ወዲህ ነው።

ስሌቱ ግን የሚስተው እዚህ ላይ ነው። በማህፀን ምግብ ሲያንስ ሰውነት አንጎልን ያስቀድማል። የሚቀንሰው የልጁ ስብ፣ ጡንቻ፣ ጉበቱ ውስጥ የተከማቸው ስንቅ ነው፤ ጭንቅላቱ ግን ከሌላው አካሉ ይልቅ ይድናል። በዳሌዋ በኩል ማለፍ ያለበት ደግሞ ጭንቅላቱ ነው። በመራቧ የምታገኘው ቀላል ምጥ ሳይሆን የከሳ ልጅና ለማማጥ አቅም ያነሰው፣ ደም ቢፈስሳት የማይቋቋም ሰውነት ነው። ራሱ ላይ የሚታየው ነጭ ነገርም ወተት ወይም ሙዝ አይደለም፤ ፅንሱ ቆዳውን ከውሃው ለመጠበቅ ራሱ የሚያበጀው ቅባት ነው።

በአርሲ ገጠር 432 ነፍሰ ጡሮችን ተከታትሎ በ2016 የታተመ ጥናት፣ የምግብ ዓይነታቸው ጠባብ የነበረ እናቶች ዝቅተኛ ክብደት ያለው ልጅ የመውለድ አደጋቸው ከሌሎቹ እጥፍ ያህል እንደሆነ አግኝቷል። በእርግጥ እንቁላልና ወተት ያላት ሴት መሬትም፣ ላምም፣ ለጤና ጣቢያ የሚቀርብ ቤትም ይኖራት ይሆናል፤ ምግቡን ከኑሮው ነጥሎ ማየት አስቸጋሪ ነው። ለኔ ግን ይህ ክርክሬን ያጠናክረዋል፤ ማዕዷን የሚወስነው ቤቱ ነውና።

አሁን ደግሞ ወቅቱን እንይ። ሠርግ የሚበዛው በጥር ነው። በጥር አጋማሽ ያገባች ሙሽራ ወዲያው ብትፀንስ ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ትወልዳለች። ፅንሱ ክብደት የሚጨምርባቸው ሦስት ወራት ሐምሌ፣ ነሐሴና መስከረም ናቸው፤ ጎተራው የተራቆተበት፣ አረሙ የጠናበት፣ አዲሱ እህል ያልደረሰበት። በመካከሉ 15 ቀን የፍልሰታ ጾም አለ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ ሴት ከጾም ግዴታ ነፃ መሆኗን የሃይማኖት አባቶች ያስተምራሉ፤ እስልምናም በኋላ እንድታካክስ ፈቅዶ ያሳርፋታል። ብዙዎች ግን እምነታቸውን ስለሚወዱ፣ የሰውንም አፍ ስለሚፈሩ ይጾማሉ። እዚህ ላይ የነፍስ አባት አንድ ቃል ከብዙ ፖስተር ይበልጣል፤ ቤት ገብተው «ልጄ፣ አንቺ ብዪ» ቢሏት የአማቷም፣ የባሏም ፊት ይፈታል።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ነፍሰ ጡር በቀን አንድ ተጨማሪ ምግብ ትብላ ብለው ይመክራሉ፤ ምክሩ ትክክል ነው። ምክሩን የምትሰማው ግን እርሷ ናት፣ በሞሰቡ የሚያዝዙት ሌሎች ናቸው። የሴፍቲኔት ፕሮግራሙ ነፍሰ ጡሯን ከማኅበረሰብ ሥራ አውጥቶ ከወለደችም በኋላ በቀጥታ ድጋፍ እንድትቆይ ማድረጉን የምወድደው ለዚህ ነው። ጉልበቷን ቆጥቦ ምግቧን ይተውላታል፤ ኃላፊነቱንም ከእርሷ ትከሻ ያወርዳል።

የጋምቢያ ለውዝ ብስኩት እዚህ መምጣት አያስፈልገውም። በብዙ መንደራችን ገብስ ለበሶ ይቆላል። በቅቤ ሲለወስ ጭኮ ነው፤ በጾም ደግሞ በኑግ ወይም በሱፍ ዘይት ይለወሳል፤ ሽምብራና ለውዝ ከጎኑ ይቀመጣል። አማት ለአራስነት ብላ በቅል ያስቀመጠችውን ቅቤ ከአምስተኛው ወር ጀምራ ትክፈተው። ጭኮውንም ምራቷ አጠገቧ ተቀምጣ ስትበላው ትይ፤ ለልጆቹ የሚሆነው ለብቻው ይለወስ። ባልየው ደግሞ በነሐሴ ጀሪካኑን ይያዝላት።