ከመቃወም ወደ መመስከር

በሥርዓተ ጥምቀት ተጠማቂው አስቀድሞ ፊቱን ወደ ምዕራብ መልሶ ሰይጣንን ይክዳል፤ ቀጥሎም ወደ ምሥራቅ ዞሮ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ማመኑን ይመሰክራል። ተጠማቂው ሕፃን ከሆነ ይህን ስለ እርሱ የሚፈጽሙለት ክርስትና አባቱ ወይም ክርስትና እናቱ ናቸው። ክህደቱ ለእምነቱ መንገድ ይጠርጋል እንጂ መድረሻ አይደለም።

ስለ ጋብቻና ስለ ቤተሰብ በዘመናችን የሚነዛውን ባዕድ አስተሳሰብ በመቃወም ረገድ ግን ብዙዎቻችን ክደን ሳንዞር የቀረን ይመስላል። መግለጫ ይወጣል፤ ጉባኤ ይዘጋጃል፤ በማኅበራዊ ሚዲያ ዘመቻ ይከፈታል። መቃወሙ ተገቢ አይደለም አንልም። ቫቲካን በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ተመሳሳይ ጾታ ያላቸውን ጥንዶች መባረክን የሚፈቅድ ሰነድ ካወጣች በኋላ፣ የግብፅ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ሲኖዶስ በየካቲት ወር ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጋር የሚደረገው የነገረ መለኮት ውይይት እንዲቋረጥ መወሰኑ ይታወሳል። እንዲህ ያለው አቋም የእረኝነት ግዴታ ነው። በሀገራችንም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ቤተሰብ የኅብረተሰብ መሠረት መሆኑን ደንግጎ ጥበቃ ይሰጠዋል። ሕግ ግን አጥር ነው፤ አጥር ቤቱን ከውጭ ይጠብቃል እንጂ ከውስጥ አይሞላውም።

ጌታችን በወንጌል ርኩስ መንፈስ ስለ ወጣለት ሰው ያስተማረውን እናስተውል። መንፈሱ ሲመለስ ቤቱን ተጠርጎና አጊጦ ግን ባዶ ሆኖ አገኘው፤ ከእርሱ የከፉ ሌሎች ሰባት አጋንንትንም ይዞ ገባ (ማቴ. 12፥43-45)። ያ ቤት ለጥፋት የተጋለጠው ሳይጠረግ ቀርቶ አይደለም፤ ባዶ ስለ ነበረ ነው።

በአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ስለዚሁ የዘመን ፈተና ረጅም ሰዓት ወስደን አስተማርን። በመጨረሻ አንዲት እኅት ተነሥታ፣ «የምንቃወመውን ተረድተናል፤ በተክሊል ጊዜ ሙሽሮች ዘውድ የሚደፉት ግን ለምንድን ነው?» ስትል ጠየቀች። ሰዓቱ ስላለቀ በሁለት ዐረፍተ ነገር መልሰን ጉባኤውን ዘጋን። ለባዕዱ ትምህርት ሰዓታት ሰጥተን ለራሳችን ምሥጢር ደቂቃዎች አጣን። ጥያቄዋ እስከ ዛሬ ይወቅሰናል።

መናገር የሚገባን ብዙ ነበር። ዘውዱ በንጽሕና ተጋድለው ድል ለነሡ የሚሰጥ የክብር ምልክት ነው። ሙሽሮቹ ሥጋውንና ደሙን በአንድነት ተቀብለው ኑሮን ከመሠዊያው ይጀምራሉ። ሐዋርያው ጋብቻን የክርስቶስና የቤተ ክርስቲያን ምሳሌ አድርጎ ታላቅ ምሥጢር ብሎታል (ኤፌ. 5፥32)። በድንግልና ላልቆዩትም ቢሆን የንስሐና የቅዱስ ቁርባን በር ክፍት ነው። ይህን ያልሰማ ወጣት የጋብቻን ትርጉም ከእጅ ስልኩ ቢማር የሚደንቅ አይሆንም። በውጭ ሀገር የሚያድጉ ልጆቻችንም በትምህርት ቤት ማብራሪያ እየሰሙ በቤታቸው «ነውር ነው» የሚል ቃል ብቻ ከተሰጣቸው፣ ማብራሪያ ወዳለበት ያዘነብላሉ።

አባቶቻችን ከዚህ የተለየ መንገድ አሳይተውናል። በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት ሠለስቱ ምዕት አርዮስን አውግዘዋል፤ ሆኖም በውግዘቱ ብቻ አልተለያዩም። የምናምነውን ወስነው አስረከቡን። በ381 ዓ.ም. በቁስጥንጥንያ የተሰበሰቡት አባቶችም አጸኑት። ዛሬ በቅዳሴ ጊዜ ምእመናን በአንድ ድምፅ የሚያደርሱት ጸሎተ ሃይማኖት የሚጀምረው «ነአምን» በሚል ቃል ነው። የአርዮስ ስም በውስጡ የለም።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ የተቃውሞ ጉባኤ የጋብቻን ምሥጢር የሚያስተምር ጉባኤ ይኑረን። ለሠርግ አዳራሽና ለቪዲዮ ቀረፃ ወራት የሚዘጋጁ እጮኛሞች፣ ከንስሐ አባታቸው ጋር ተቀምጠው የሚማሩበት ጊዜ ይመደብላቸው። ወላጆችም በጸሎትና በጾም፣ ተጣልተው ይቅር በመባባልም ጭምር፣ ልጆቻቸው በዓይናቸው የሚያዩት ቤት ይሥሩ። ክደናል፤ አሁን ወደ ምሥራቅ እንዙር።