ሜትር ይዛችሁ ሂዱ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ መኪና ሊገዛ ነውና «እስቲ አብረኸኝ ዙር» አለኝ። ከእጮኛው ጋር ሦስት ሆነን የመኪና መሸጫ ስናስስ ዋልን። ዕቁብ ወጥቶለታል፤ የጎደለውን ከባንክና ከአጎቱ ሊበደር አስቧል። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ነዳጅ የሚጠጣ የቤት መኪና ከውጭ አይገባም ስለተባለ ምርጫው ባትሪ ባላቸው ላይ ወድቋል። ዞሮ ዞሮ ሁለት የቮልስዋገን መኪኖች ላይ ቆመ፤ ዝቅ ያለችው ሃችባክ አይዲ 3 እና ከፍ ያለው ኤስዩቪ አይዲ 4።

ደላላው ለማሰብ ጊዜ አልፈጀበትም። «ወንድሜ፣ ትዳር ልትይዝ አይደል እንዴ? ይቺ ለሁለት ሰው ናት። ሰፊው ይኼ ነው!» አለና የትልቁን ጣሪያ በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

እኔ ደግሞ መጥፎ አመል አለብኝ፤ ቦርሳዬ ውስጥ ሜትር አይጠፋም (ኮንዶሚኒየም የተከራየ ሰው ይረዳኛል፤ ሶፋው በደረጃው ካልታጠፈ ምን ይበጃል?)። አወጣሁት። ደላላው ትራፊክ ፖሊስ እንዳየ ሹፌር ፊቱ ተለዋወጠ።

እንግዲህ ቁጥሩን ስሙኝ። ፋብሪካው ለአውሮፓ ገበያ ያወጣውን ነው የምጠቅስላችሁ፤ ቻይና የሚመረቱት በጥቂት ሳንቲ ሜትር ቢለያዩ ነው። አይዲ 3 ርዝመቷ 4.26 ሜትር፣ የአይዲ 4 ደግሞ 4.58 ሜትር ነው። የ32 ሳንቲ ሜትር ልዩነት! ደላላው ልክ ነው ማለት ነው? ቆዩማ። ሰው የሚቀመጥበትን ቦታ በዋናነት የሚወስነው ከአፍንጫ እስከ ጭራ ያለው ርዝመት ሳይሆን ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል ያለው ርቀት ነው። ወንበራችሁም እግራችሁም የሚያርፈው እዚያ መሃል ነዋ። ይኼ ርቀት በሁለቱም መኪኖች 2.77 ሜትር ገደማ ነው። ምክንያቱም ሁለቱ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ፋብሪካው ኤምኢቢ በሚለው በአንድ ዓይነት መሠረት ላይ ነው የተሠሩት፤ ባትሪው ከወለሉ ሥር ተነጥፏል፤ ባለ አንድ ሞተሮቹም ሁለቱም የሚነዱት በኋላ ጎማ ነው። (አዎ፣ «ተራራ ይወጣል» የተባለላችሁ ባለ አንድ ሞተሩ አይዲ 4 አራት ጎማውን አያዞርም። ትንሿ የምታደርገውን ነው የሚያደርገው።)

ወዳጄን መሪው ላይ አስቀምጬ ወንበሩን ለራሱ እንዲመቸው ካደረገ በኋላ ከኋላው ገብቼ ተቀመጥሁ። መጀመሪያ በትንሿ፣ ቀጥሎ በትልቁ። የጉልበቴ ልዩነት የጣት ነው። ወደ ጎን ትልቁ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ያውም በውጭ በኩል ሲለካ። ወደ ላይ 7 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይበልጣል። ጸጉሯን ከፍ አድርጋ ለተሠራች ሙሽራ ይጠቅም ይሆናል።

ታዲያ 32ቱ ሳንቲ ሜትር የት ገባ? አንዱ ክፍል አፍንጫው ላይ፣ ሌላው የኋላ ኮፈን ውስጥ። እዚህ ላይ ሐቁን አልደብቅም፤ የትንሿ ኮፈን 385 ሊትር ይይዛል፣ የትልቁ 543። ልዩነቱ 158 ሊትር ነው። በእኛ ሰፈር መለኪያ ስምንት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለመሙላት 2 ሊትር ይጎድለዋል። ውኃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ቀላል ነገር አይደለም፤ አልቀልድም። ግን የኋላውን ወንበር ስታጥፉት ትንሿም ከ1,200 ሊትር በላይ ትውጣለች። ዓመት በዓል ሲደርስ ቪትዝ ውስጥ በግ ያልጫነ አዲስ አበቤ እስቲ እጁን ያውጣ!

ቪትዝን ካነሣን አይቀር፣ ነገሩ ያኔም ያው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ስትወጣ 3.61 ሜትር ብቻ ነበረች፤ ያሪስ በሚል ስሟ በ2000 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተባለች። ያንን ያህል ሰው የምታስቀምጠው በአስማት አይደለም። ሞተሩ ተጋድሞ ስለተቀመጠ አፍንጫዋ አጠረ፤ ጣሪያዋ ከፍ ስላለ ሰው ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ወደ ፊት ብዙ ቦታ አይፈልግም። በተቃራኒው እውነተኛውን ባለ አራት ጎማ፣ ሱዙኪ ጂምኒን ውሰዱ። በሻንሲ ላይ የቆመ፣ ከመሬት 21 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ ድንጋይ የማይፈራ ጀግና ነው። የኋላ ወንበሩ እንደቆመ የሚተርፈው የዕቃ ቦታ ግን 85 ሊትር ነው። የዚያው ፋብሪካ ሃችባክ ስዊፍት 265 ሊትር አላት። ጀግንነቱ ቦታ ይበላል። ደላሎች «ከፍ ያለ ሁሉ ሰፊ ነው» ሲሉ ይቺን አይነግሯችሁም።

ስለ መንገዱስ? የምትሉኝን አውቃለሁ፤ «የአዲስ አበባን ክረምት ረሳኸው?» አልረሳሁትም። ሥራው ወረዳ ለወረዳ የሚያዞረው፣ ወይም ቤቱ ኮብልስቶን ካለቀ በኋላ ገና ሁለት ኪሎ ሜትር የሚቀረው ሰው ከፍ ያለውን ይግዛ፤ ባትሪው ከሆዱ ሥር ነውና ድንጋይ ቢነካው ወጪው አይቻልም። ወዳጄ ግን ቤቱ ጀሞ፣ ሥራው ካዛንቺስ ነው። በዓመት አንዴ ወደ ሐዋሳ ይወርዳል፤ እሱም በአስፋልት።

እውነቱን እንነጋገርና፣ የሚገዛው ሰላምታው ነው። ሆቴል በር ላይ ጥበቃው ለቪትዝ «የት ነህ?» ይላል፤ ለቪ8 በሩን ከፍቶ እጁን ግንባሩ ላይ ያደርጋል። ከፍ ያለ መኪና የባለሥልጣን፣ የኤንጂኦና የባለሀብት ምልክት ሆኖ ኖሯል፤ እኛም ይኼንን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንማር አድገን፣ ዛሬ ሰባት ሳንቲ ሜትር ከፍታ በብድር እንገዛለን። እኔም ብሆን ጥበቃ ሰላም ሲለኝ ደስ ይለኛል። ደስታው ግን ወለድ አለው። ከባዱ መኪና በዚያው ባለ 77 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ የሚሄደው መንገድም ያንሳል፤ በአውሮፓው መለኪያ ትንሿ ከ540 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ትልቁ 520 ገደማ።

ሌላም የማይነሣ ነገር አለ። አዲስ አበባ አብዛኛው ሰው በእግሩ የሚሄድባት ከተማ ናት። አሜሪካ ውስጥ የመድን ኩባንያዎች የሚደግፉት የመንገድ ደኅንነት ተቋም በ2023 ወደ 18 ሺህ የሚጠጉ የእግረኛ አደጋዎችን መርምሮ ነበር። የፊት ኮፈናቸው ከመሬት ከአንድ ሜትር በላይ የሆነ መኪኖች፣ ከ76 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆኑት ይልቅ እግረኛ የመግደል ዕድላቸው 45 በመቶ ገደማ ከፍ ያለ ሆኖ አገኘው። ይኼ በዋናነት ቪ8ንና ፒካፕን የመሳሰሉትን እንጂ አይዲ 4ን አይመለከትም። ሆኖም ያቺ ሰላምታ ስታስጎመጀን ወዴት እንደምንወጣ እዩት፤ ዛሬ አይዲ 4 የገዛ ነገ የሚመኘው ከእሱ ከፍ ያለውን ነው።

ይኼን ሁሉ ስለፈልፍ እጮኛው ዝም ብላ ትሰማ ነበር። መጨረሻ ላይ ደላላውን የሁለቱን ዋጋ ጠየቀችው፤ ስልኳ ላይ ቀነሰችና ለሆነ ነገር አካፈለችው። ለካ ልብስ ስፌት የምትከፍትበት ሱቅ አይታ ኖሯል። «የአሥራ አራት ወር ኪራይ ነው» አለች። ወዳጄ አቀረቀረ። ደላላው ደግሞ «እህቴ፣ መኪና እኮ አንዴ ነው የሚገዛው» ብሎ ጣልቃ ሊገባ ሲል አየችው፤ ዝም አለ።

ይኼን ጊዜ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ማታ ግን ወዳጄ ደወለ። አጎቱ «ሰው ፊት ለማታቆማት መኪና ገንዘብ አላበድርም» ብለዋል አሉ፤ ቅዳሜ ራሳቸው መጥተው ያያሉ። ጋሼ ቁመታቸው ረዘም ያለ ነው። መጀመሪያ ትንሿ ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር ነው የማስቀምጣቸው። ሜትሩንም እይዛለሁ።