«አንብብ!» የሚል ሞልቶ «ምን ገባህ?» የሚል ጠፋ

የጥንት ሊቃውንቶቻችን ይህን ነገር ከጨረሱት ቆይቷል። በአብነት ትምህርት ንባብ ቤት ለብቻ ነው፤ ትርጓሜ ቤትም ለብቻ። ዳዊት የደገመ ሁሉ ዳዊት ገባው አይባልም። በእስልምናውም ቁርአን መቅራት ሌላ፣ ለተፍሲር መቀመጥ ሌላ ነው። ዘመናዊው ተማሪ ቤታችን ግን ሁለቱን ደባልቆ፣ እንግሊዝኛውን ጮክ ብሎ ያንበለበለውን ልጅ «ጎበዝ! ቁጭ በል» ይለዋል።

ይህን የምለው ከወንበሬ ሆኜ አይደለም። በወልቂጤና በቡታጅራ ከመምህራንም ከተማሪዎችም ጋር ተቀምጬ አውርቻለሁ። ገብቼ ባየሁት አንድ ክፍል (ስሙን ብጠራ መምህሩን ጥርስ ውስጥ ማስገባት ይሆናል) የንባብ ክፍለ ጊዜ የሚባለው እንዲህ ነው። አንዱ ልጅ ተነሥቶ ምንባቡን ያነባል። መምህሩ የከበዱ ቃላትን ከነአማርኛ ፍቺያቸው ሰሌዳ ላይ ይደረድራል። ከዚያ «ከአንድ እስከ አምስት ያለውን ሥሩ!» ደወል ተደወለ፤ አለቀ!

ልጆቹ ደግሞ ይሠሩታል እኮ! እንዴት ቢሉ፣ እስቲ እርስዎም ይሞክሩት። «ጉርጶው ድልንብ ወደ ብርዞው ተዘፈነጠ።» ጥያቄ፦ ድልንቡ ወዴት ተዘፈነጠ? «ወደ ብርዞው!» ይኸው ሙሉ ማርክ አገኙ። ድልንብም ብርዞም በዓለም ላይ የሉም፤ አሁን የፈጠርኳቸው ናቸው። ልጆቻችን ከክፍል ወደ ክፍል የሚዘዋወሩት በዚህ ዓይነት መልስ ነው።

ለመሆኑ የእነዚህን ልጆች ሸክም ያሰበ ሹም አለ? ብዙዎቹ በቤታቸው ከጉራጌ ቋንቋዎች አንዱን ወይም ቀቤንኛ ወይም ስልጥኛ ይናገራሉ። ተማሪ ቤት ሲገቡ ፊደል የሚቆጥሩት በአማርኛ ነው። በቀድሞው የደቡብ ክልል ደግሞ ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ሳይንሱም ሒሳቡም በእንግሊዝኛ ሲሰጥ ኖሯል። ሦስተኛ ቋንቋ ማለት ነው! በ1990ዎቹ ማብቂያ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ፕላዝማ መጣ። የፕላዝማው አስተማሪ በእንግሊዝኛ ይፈጥናል፤ እጅ ቢያወጡለት አያይ፣ ቢጠይቁት አይሰማ!

መሠረቱም ቢሆን የታወቀ ነው። በ2002 ዓ.ም. በአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት ድጋፍ በተለያዩ ክልሎች በተደረገው የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው በሚማሩበት የአገር ቋንቋ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። 48 በመቶው ስለ ምንባቡ ከተጠየቁት አንዱንም አልመለሱም። በራሱ ቋንቋ «ምን ገባህ?» ተብሎ የማያውቅ ልጅ በሰው ቋንቋ እንዴት ይግባው?

ውጤቱን አየነው። በ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ናቸው። «ኩረጃ ቀረ» ተባለ። መልካም! የውድቀቱ ሰበብም ብዙ ነው። ነገር ግን ፊዚክሱም ታሪኩም የሚጠየቀው በእንግሊዝኛ ነው። ጥያቄው ያልገባው ልጅ ፊዚክስ አያውቅም ወይስ እንግሊዝኛ? ማን ለይቶ ያውቃል?

መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። በ1984 እ.ኤ.አ. አናማሪ ፓሊንክሳርና አን ብራውን የተባሉ ተመራማሪዎች፣ አሳምረው እያነበቡ የማይገባቸውን የ7ኛ ክፍል ልጆች አራት ነገር አስተማሩ፦ የሚቀጥለውን መገመት፣ ጥያቄ ማውጣት፣ የከበደውን ማጥራት፣ በአጭሩ መናገር። ልጆቹ በየተራ መምህር እየሆኑ ይመሩ ነበር። መግባቱም ተሻሻለ።

ይኼ ለቡታጅራ ልጅ አዲስ ነው እንዴ? በርበሬ ገበያ የዋለ ልጅ የነጋዴውን ፊት አይቶ ዋጋ ይገምታል፤ ይጠይቃል፤ ያልገባውን ያስደግማል፤ ማታ ቤቱ ገብቶ የገበያውን ወሬ በአጭሩ ይነግራል። አራቱንም ያውቃቸዋል! እንግሊዝኛው ምንባብ ላይ እንዲያውላቸው ያሳየው ግን የለም።

ስለዚህ መምህሩ መጽሐፉ ሳይገለጥ ርዕሱን ብቻ ጽፎ «ስለ ምን ይመስላችኋል?» ይበል። አንድ አንቀጽ እንደተነበበ በአንድ ዴስክ የተቀመጡት በአማርኛም በጉራጊኛም ይወያዩበት። ባልታወቀ ቃል ፊት ከመቆም ከዙሪያው ይገምቱት። ከዚያ በኋላ በእንግሊዝኛ ይናገሩት፤ ይጻፉት። ለዚህ በጀት አያስፈልግም፤ ጄኔሬተርም አያስፈልግም። «በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛ የተናገረ ይቀጣል» የሚለውን ደንብ መሻር ግን ያስፈልጋል።

መምህሩን ብቻ መውቀስ ግፍ ነው። እሱም የተማረው በዚያው በማንበልበል ነው፤ ሌላ መንገድ ያሳየው ማነው? በ2015 ዓ.ም. የክልሉ ስም ተለወጠ፤ ቡታጅራም የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ሆነች። ማኅተሙም ታፔላውም ተቀየረ። የንባቡ ክፍለ ጊዜ ግን ያው ነው! ሹማምንቱ ታፔላ ለመቀየር ያሳዩትን ትጋት ሩብ ያህሉን ለመምህራን ሥልጠና ቢያውሉት ምን ነበረበት?

ወላጆችም አንድ ነገር በእጃችሁ አለ። ልጃችሁ እንግሊዝኛ ሲያነብ ሰምታችሁ አትርኩ። «ምን ይላል? በእኛ ቋንቋ ንገረኝ» በሉት። ዝም ካለ፣ ዝምታውን ይዛችሁ ወደ ተማሪ ቤቱ ሂዱና ጠይቁ። ሳይገባ ማንበብ ውኃ መውቀጥ ነው፤ ቢወቅጡት ያው እንቦጭ!