ያደን ሥጋ ለወዳጅ ሲቀርብ የሚስማማው መጠጥ

ወዳጅን ጠርቶ ማብላትና ማጠጣት ከአባቶቻችን የተቀበልነው ደግ ልማድ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው ለምግቡ እጅግ ሲጨነቅ፣ መጠጡን ግን «ብቻ አይጕደል» ብሎ ይተወዋል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ላሉት አንባቢዎቻችን፣ ያደን ሥጋ በሚቀርብበት ገበታ ምን መጠጥ፣ በምን ጊዜና በምን ልክ መቀዳት እንደሚገባው ጥቂት ቃል እንናገራለን።

አስቀድሞ ሥጋው ከወዴት እንደ መጣ መጠየቅ ይገባል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቍጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። የአገሩ ሰው ወደ 400 ዓመት ለሚሆን ጊዜ በሥርዓት ሲጠብቀው የኖረው የመንዝ ጓሳም የቀይ ቀበሮና የጭላዳ ማደሪያ ነውና አዳኝ የሚገባበት ምድር አይደለም። ወዳጅን ለማክበር ሲባል ሕግን ማፍረስ ክብር አይሆንም። ፈቃድ ያለው አዳኝ ያመጣው ጅግራ ወይም ሚዳቋ ከተገኘ መልካም ነው፤ ካልተገኘም የመንዝ በግ ወይም በቤት ያደገ አውራ ዶሮ አያሳፍርም፤ ከዚህ በታች የሚነገረውም ምክር ለእነዚሁ ያገለግላል።

ሁለተኛው ነገር ባራኪው ነው። ወፊቱ በጥይት ተመትታ፣ ነፍስዋ ሳይወጣ በቢላዋ ካልተባረከች በክት ናትና ክርስቲያን እንግዳ አይቀምሳትም። ሙስሊም ወዳጅ ከተጠራም የእርሱ ወገን የባረከው ሥጋ ለብቻው ይሰናዳለታል፤ ለመጠጡም ያልፈላ ብርዝ ወይም ውሃ ይቀርብለታል። የግብዣውም ቀን ጾም አለመሆኑን አስቀድሞ መመልከት የቤቱ ጌታና የእመቤቲቱ ፋንታ ነው።

ያደን ሥጋ ጮማ የለውም፤ ስለዚህ ቶሎ ይደርቃል። ያረጀ ጅግራ ደግሞ እጅግ ይጠነክራል። በዚህም ላይ በደጋው፣ ከባሕር ጠለል 3,000 ሜትር ከፍ ባለው አገር፣ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ90 ገደማ ነውና ወጡ ከቈላ ይልቅ ዘግይቶ ይበስላል። ይህን ያላሰበች ወጥ ቤት እንግዶቹን በባዶ ሆዳቸው ታስጠብቃለች፤ በባዶ ሆድ የሚጠብቅ እንግዳም ይጠጣል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ይህን በገዛ ቤቱ አይቶታል። በመሬት ድንበር የተጣሉ ሁለት ዘመዶቹን ለማስታረቅ አስቦ ጅግራ አሠርቶ ጠራቸው። ወጡ አልደርስ አለ። እርሱም ዝም ብሎ መቀመጡ ቢያሳፍረው፣ ከርሞ የበረታውን ጠጅ በብርሌ አስቀዳላቸው። ሦስተኛው ብርሌ ሳያልቅ የድንበሩ ነገር ተነሣ፤ እንጀራው ሳይቈረስ ሁለቱም ነጠላቸውን አንሥተው ወጡ። ነገሩም ወደ ዳኛ ሄደ። ጥፋቱ የዘመዶቹ ብቻ አልነበረም፤ ያስተናጋጁም ነበረ።

ስለዚህ ሥርዓቱ እንዲህ ቢሆን ይሻላል። እንግዳው እንደ ገባ ቆሎ ወይም ድፎ ዳቦ ይቅረብለት፤ ከእርሱም ጋር ከገብስ አሻሮ የተጠመቀ ቀላል ጠላ ወይም ቅራሪ ይቀዳለት። ጠጅም አረቄም ገበታ ሳይቀርብ አይታይ።

በበርበሬ ከተሠራው የጅግራ ወጥ ጋር ደረቅ ቀይ ወይን ጠጅ አይስማማም። የበርበሬው ማቃጠል በመጠጡ ብርታት ይብሳልና፤ የቀዩ ወይን መጐምዘዝም ይጐላል። ማቃጠሉን የሚያበርደው ጣፋጭነት ነው። ስለዚህ ለዚህ ወጥ ያልከረመ፣ የማሩ ጣዕም ገና ያልጠፋ ለስላሳ ጠጅ፣ ወይም ብርዝ ይመረጣል። ጠጅ በቈየ መጠን ማሩ ወደ ብርታት እየተለወጠ እንደሚሄድ ባለሙያ ሴት ሁሉ ታውቀዋለች።

የጅግራው አልጫ ከሆነ ግን ደረቅ ነጭ ወይን ጠጅ ይስማማዋል። በቅቤና በጥብስ ቅጠል ለተጠበሰ ሚዳቋ ደግሞ ቀዩ ወይን ቦታው እዚህ ነው፤ ጕምዘዛው ከሥጋው ብርቱ ጣዕም ጋር ይገጥማልና። ለዚህ ከባሕር ማዶ የመጣ ጠርሙስ መፈለግ አያሻም። የአዋሽ ፋብሪካ ጉደር፣ ወይም የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ በዝዋይ ወይን ተክሎ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ለገበያ ያቀረበው ቀይ ወይን ጠጅ ይበቃል።

በመንዝ ሌሊት ቀይ ወይን እጅግ ይቀዘቅዛልና፣ ጠርሙሱ ከምድጃው ራቅ ብሎ ጥቂት ይቀመጥ፤ 16 እስከ 18 ዲግሪ ይበቃዋል። ወደ መርሐ ቤቴ ቈላ ሲወረድ ግን ነጩን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ማቀዝቀዝ ይገባል።

ስለ ልኩም አንድ ነገር እንጨምር። ውሃ በማሰሮ ከገበታው አይለይ። አስተናጋጁ «በሞቴ» እያለ የማይፈልገውን ሰው አያስገድድ፤ ምግብን ማጕረስ ፍቅር ነው፣ መጠጥን ማስገደድ ግን ፍቅር አይደለም።

ያ አስተናጋጅ በዓመቱ እነዚያን ዘመዶቹን ሁለተኛ ጠራቸው። ሥጋው በጧት ተጣደ፤ ቅራሪውና ዳቦው ቀደመ፤ ለስላሳው ጠጅ ከወጡ ጋር መጣ፤ ከሁለት ብርሌ በላይም አልተቀዳም። ያን ለት ድንበሩ አልተወሰነም። ነገር ግን ሁለቱ ከአንድ መሶብ በልተው፣ ነገሩን ከዳኛ አንሥተው ለሽማግሌ ለመስጠት ተስማምተው ወጡ። የግብዣ ደግነት የሚታወቀው እንግዳው ከቤት ሲወጣ ነውና፣ አንባቢዎቻችንም መጠጡን ሲያሰናዱ ይህን ያስቡ ዘንድ እንለምናለን።