የትኛው ሜዳ ይታደስ?



የቱሪዝም ነገር በተነሣ ቁጥር፣ ከአርሲ ተራሮች በአንዱ ላይ የጎልፍ ሜዳ ያለው መዝናኛ ቢሠራ መልካም ነው የሚል ሐሳብ በመካከላችን ሲሰነዘር እንሰማለን። መንግሥት በ2012 ዓ.ም. ጎርጎራን፣ ወንጪንና ኮይሻን ለማልማት «ገበታ ለሀገር» የተባለውን ዕቅድ ካስታወቀ ወዲህ፣ ጭላሎስ ለምን ይቀራል ቢባል አያስደንቅም። እንግዳ በሚመጣበት ስፍራ ገበያው ይደምቃል፤ ወጣቱም ሥራ ያገኛል። ሆኖም አስቀድመን ልንመዝናቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

አንደኛው መሬት ነው። ባለ 18 ጉድጓድ የጎልፍ ሜዳ 50 ሄክታር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። በአርሲ ደጋ ይህን ያህል መሬት ስንዴና ገብስ አብቅሎ ብዙ ቤተ ሰብ ያኖራል። ከ50 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ በስዊድን ርዳታ የተቋቋመው የጭላሎው የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ለገበሬው ቢያዳርስና ምርቱ ቢያድግ፣ የእርሻውን ትርፍ ያዩ ባለርስቶች ትራክተር እያስገቡ ጭሰኞቻቸውን ነቀሉ። የየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ጭሰኝነትን እስኪያጠፋ ድረስ፣ ያው ልማት ለአንዱ ሀብት፣ ለሌላው ስደት ሆኖ ነበር። እንግዲህ በጎ ሐሳብ ብቻውን አይበቃም፤ የሚጠቀመው ማን ነው ብሎ መጠየቅ ያሻል።

ሁለተኛው ውሃ ነው። የጎልፍ ሣር በበጋ ውሃ፣ ዓመቱን ሙሉ አጫጅ፣ በየጊዜውም ማዳበሪያና የአረም መድኃኒት ይፈልጋል። ከአርሲ ተራሮች የሚወርደው የካታር ወንዝ ደግሞ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል። ከላይ የፈሰሰው መድኃኒት ከታች ይጠጣል።

ሦስተኛው የአገሩ ስጦታ ነው። አርሲን ዓለም ያወቀው በሩጫ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የአሰላ ልጅ ነው። የበቆጂ አካባቢዋ ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ፣ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች። በ2000 ዓ.ም. በቤይጂንግ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ፣ ሁለቱም የበቆጂ ልጆች፣ እያንዳንዳቸው የ5,000ንና የ10,000 ሜትርን ወርቅ ወሰዱ። አሰላ ከ2,400 ሜትር በላይ፣ በቆጂም ከዚያ ይበልጥ ከፍ ብለው ስለሚገኙ፣ ስሱ አየር ራሱ አሠልጣኝ ነው።

ስለዚህ ለአርሲ ገንዘብ የሚያወጣ ቢገኝ፣ በቅድሚያ የሚታደሰው ልጆች የሚሮጡበት ሜዳ ይሁን እንላለን። የእንግዳ ማረፊያውም በዚያው ዙሪያ ይሠራ፤ የሌላ አገር ሯጮችም ከፍታ ፍለጋ ይመጣሉና ከፍለው ይደሩበት። የአካባቢው ገበሬ ስንዴውን፣ ወተቱንና በጉን ይሽጥለት እንጂ ከመሬቱ አይነሣለት።

በግብርናና በኤኮኖሚክስ ክፍል ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች የሁለቱን ሜዳዎች ወጪና ገቢ አስልታችሁ ብትጽፉልን፣ ተቃዋሚም ብትሆኑ፣ በደስታ እናወጣዋለን።